ቀጭኗ፣ ወፍራሙና የአሳማው ሆድ

ትል ሲባል ፊቱ የሚጨማደድ ሰው ካለ ከአሁኑ ወጣ ብሎ አየር ይቀበል፤ ኋላ እንዳይወቅሰኝ። የማወራላችሁ ሴትዮ የዕድሜዋን ግማሽ የአሳማ አንጀት ስትቀድ የኖረች ናት። ያለ ትል ስለ እሷ ማውራት ያለ ዱቄት ስለ ዳቦ ጋጋሪ ማውራት ነው የሚሆንብኝ።

ሰው ሁሉ ቀጭኗ ይላታል። አታስቁኝ፣ ቀጭን አይደለችም። በበር ስትገባ መጀመሪያ ሳቋ ይገባል፣ ቀጥሎ ደረቷ፣ ቀሪው ገላዋ ደግሞ ቀስ ብሎ ይከተላል። ቀጭኗ የተባለችው የአሳማውን ቀጭን አንጀት የምትሠራው እሷ ስለሆነች ነው። ፊት ለፊቷ ባለው ጠረጴዛ ወፍራሙን አንጀት የሚሠራው ሰውዬ ደግሞ ወፍራሙ ይባላል፤ እሱም ሸሚዙ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ የማይመስል፣ ነፋስ ሲነሳ በር የሚይዝ ከሲታ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው የሚያውቅ የለም። ብቻ ሁለቱም በሌላ ስም ቢጠሯቸው ዞረው አያዩም።

የሚሠሩበት ክፍል ከአሳማ እርባታው ጀርባ ሆኖ ከማረጃው ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ወደ መሀል ያዘነብልና መሀሉ ላይ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ ሁለት የሲሚንቶ ጠረጴዛዎች ቆመዋል፣ በየጠረጴዛው ላይ የውሃ ጎማ፣ ከሥር ባልዲ፣ ከጎን ወንፊት። መስኮቱ እላይ ስለተሠራ ከሰማይ በቀር የሚያሳየው ነገር የለም። በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። እርባታው የጥናት እርባታ ነው። እዚያ የሚያድጉት አሳማዎች የሚፈለጉት ለሥጋቸው ሳይሆን ሆዳቸው ውስጥ ለሚኖረው ነገር ነው፤ ይብላኝላቸው እንጂ ምን ይባላል።

አንጀቱ ከማረጃው የሚመጣው ሙቀቱ ሳይለቀው ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ ማሰር ነው። ቀጭኑ አንጀት አልቆ ወፍራሙ የሚጀምርበት ቦታ ላይ በሲባጎ ሁለት ጊዜ ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ መሀሉን መቁረጥ። ይህ ቶሎ ካልተደረገ የላይኛው ሰፈር ነዋሪ ወደ ታችኛው ሰፈር ይሸሻል፤ ትል ቤቱ ሲቀዘቅዝበት ዝም ብሎ አይቀመጥማ። ማሰሩ የቀጭኗ ድርሻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የየራሳቸውን አንጀት ይዘው በመቀስ ይቀዱታል፣ በወንፊት ላይ ያጥቡታል፣ የቀረውን ትል ለቅመው በጠርሙስ ያስቀምጣሉ።

የእሷ ትል ወስፋት ነው። ነጣ ያለ፣ እርሳስ የሚያክል፣ ለዓይን የማያስቸግር ነገር። በእፍኟ ታነሳዋለች። የእሱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጭራው ወፈር ብሎ፣ ራሱ ከፀጉር የቀጠነ፣ ቁርጥ ጅራፍ የሚመስል ትል ሲሆን፣ ያንን ቀጭን ራሱን የአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ወትፎ ነው የሚኖረው። እንዳይበጠስ በመቆንጠጫ እያባበሉ፣ አንድ በአንድ ማውጣት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ወይ እብድ ያደርገዋል ወይ ዝምተኛ። ወፍራሙ ዝምተኛ ሆነ። ከአፉ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ «እህ» ነው። ቀጭኗ ግን እህ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የመስማማት እህ አለ፣ የመሰልቸት እህ አለ፣ ረጅም የሆነ «አሁን ደግሞ ቀላመድሽ» የሚል እህም አለ።

እሷማ ካወራች አወራች ነው። ጠዋት ሽርጧን ስታስር የጀመረችው ወሬ ማታ ቦት ጫማዋን ስታወልቅ ነው የሚያልቀው፣ እሱም ካለቀ። የጎረቤቱን ጣራ፣ የእህቷን ጥርስ፣ ማታ ያየችውን ሕልም፣ ምኑን ልንገራችሁ።

ወደዚያ ክፍል የገባችው ባሏ እንደሞተ ነው። በልጅነቷ አግብታ በልጅነቷ የሞተባት ደግ ሰው ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ማየት ሲሰለቻት እርባታው ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰማች፣ ምን ሥራ ነው ብላ እንኳ ሳትጠይቅ ሄደች። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው አንጀት ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፍ የእሷም ቁርስ አብሮ ተዘረገፈ። ፊት ለፊቷ የቆመው ከሲታ ሰውዬ ጎማውን አንስቶ ወለሉን አጠበላት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጣት፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ከሚናገረው ግማሹን ባንዴ ተናገረ።

«ዛሬ ይሸትሻል። ነገም ይሸትሻል። ከዚያ በኋላ ግን ራስሽ ስለምትሸቺ አይታወቅሽም።»

እውነቱን ነበር። አልታወቃትም። ለሌላው ሰው ግን በደንብ ይታወቀው ነበር። የዚያ ክፍል ሽታ በሳሙና የሚለቅ አይደለም፣ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል። በአንድ ግቢ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ ግቢው ውስጥ ባለው ቧንቧ ሳትታጠብና ልብሷን ውጭ ሳትሰቅል ደጃፏን አታስረግጣትም። ከታጠበች በኋላም የምታስቀምጣት በሩ አጠገብ ነው። «ንፋስ ይውሰደው ብዬ ነው እንጂ ጠልቼሽ አይደለም» ትላታለች እህትየው። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ሰው ተጨናንቆ ቆሞ ሲሄድ ከአጠገቧ ያለው ወንበር ባዶውን ይሄዳል። ቀጭኗ በዚህ ሆድ አይብሳትም ብላችሁ አታስቡ፤ ብቻ እንደማይብሳት ሆና ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ዘርግታ «ተመስገን፣ ደልቶኛል» ትላለች።

ወፍራሙም ያው ነው። አንድ ጊዜ እጮኛ ነበረችው። ልጅቱ ወይ እኔን ወይ አንጀቱን ምረጥ አለችው። እሱም ሲያስብ፣ ሲያስብ፣ ገና መልስ ሳይሰጥ ልጅቱ አግብታ ወለደች።

እንዲህ ሲኖሩ ነው አዲሷ ዶክተር የመጣችው። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ እነሱን «እትዬ» እና «ጋሼ» ብላ ነው የምትጠራቸው። ቀጭኗ ደግሞ «ዶክተርዬ» እያለች እንደ ልጇ ትቆጣታለች። ዶክተሯ ይዛ የመጣችው ጥያቄ ቀላል የሚመስል ነው፤ ሁለቱ ትሎች አንድ አሳማ ሆድ ውስጥ አብረው ሲገቡ የትኛው ይበረታል?

«እንዴት ይጣላሉ? አይገናኙማ» አለች ቀጭኗ። «የኔው ላይ ነው የሚኖረው፣ የሱ ታች።»

«ልክ ነዎት እትዬ፣ አይገናኙም» አለች ዶክተሯ። «ግን አንዱ ሲበዛ የአሳማው ሰውነት ይቆጣል። ሲቆጣ ደግሞ ያጠፋውን ብቻ ለይቶ አይደለም፣ ያላጠፋውንም ይነካዋል። ሆዱ ውስጥ ያለው ምግብም ይለወጣል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሳይተያዩ ይገፋፋሉ።»

«እንደ ተከራይ በይኛ። የላዩ ተከራይ ሲጮህ ባለቤቲቱ ተናዳ የታችኛውን ታስወጣለች።»

ዶክተሯ ሳቀች። «አዎ፣ እንደሱ ነው። ማን እንደሚወጣ ነው ያላወቅነው።»

ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለችው። ሁለቱ ትሎች አብረው የገቡበት አሳማ በታረደ ቁጥር፣ የተለቀመውን እያንዳንዱ ትል ብቻውን ሲሆን ከሚያፈራው ጋር ታነጻጽርና የበረታው ሥር በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ምን አለፋችሁ፣ ያ ክፍል የኳስ ሜዳ ሆነ።

«ዛሬ ልጆችህ የት ሄዱ?» ትላለች ቀጭኗ፣ ወስፋቱን በእፍኟ እያነሳች። «ተሰደዱ? ቪዛ አገኙ?»

«እህ» ይላል ወፍራሙ።

«እነዚህን እያቸው፣ እነዚህን። ጡት የጠገቡ ናቸው። ያንተዎቹ ግን እንዳንተው ናቸው፣ ራሳቸው ቀጭን፣ ግድግዳ ውስጥ ተደብቀው ሰው አያናግሩ።»

አንዳንድ ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የእሷ ወንፊት ላይ ሁለት ሦስት መናኛ ወስፋት ብቻ ሲቀር፣ እሱ ጠርሙሱን ሞልቶ ያለ አንዳች ቃል ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ያየዋል። ቃል ቢጨምር ይሻላት ነበር። «አታሳየኝ፣ አይቼዋለሁ» ትላለች ተናዳ፣ ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ፤ ኩርፊያዋም ቢሆን ከወሬ አያግዳትም። እንደዚያ ባለ ቀን ማታ ስትገባ እህቷ «ምን ሆነሻል?» ብላ ስትጠይቃት «ተሸነፍን» ነው የምትለው።

አንድ ጠዋት ዶክተሯ ጠመኔዋን በጣቷ እያሻሸች ገባች። ፊቷን ሲያዩት የሆነ ነገር እንዳለ ገባቸው።

«እትዬ፣ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ክፍሉ ለሁለት ሊከፈል ነው። ግማሹ ዓሣ ለሚያጠኑ ሰዎች ተሰጥቷል። ብዙ ተከራክሬ ነበር፣ አልሆነም። ከዚህ በኋላ የሚኖረን አንድ ጠረጴዛ ነው። ጥናቱ በበረታው ትል ብቻ ይቀጥላል። የዚያኛው ጠረጴዛ ሰው ወደ መኖ መጋዘኑ ይዛወራል።»

መኖ መጋዘኑ የከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ምልክት ተቆጠረ፤ ሁለቱ ትሎች እኩል ለእኩል ናቸው። የቀረውም አሳማ አንድ ነው። ነገ ይታረዳል።

ዶክተሯ ከወጣች በኋላ ቀጭኗ ወዲያው ጀመረች። «ጆንያ መሸከም እንዴት እንደሚያምርብህ። ጆንያውና አንተ ጎን ለጎን ብትቆሙ ማን ማንን እንደተሸከመ አይለይም።»

«እህ» አለ ወፍራሙ። ይህ እህ ግን ከምታውቃቸው ውስጥ አልነበረም።

የዚያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ልማዷ ቦርሳዋን ባዶው ወንበር ላይ ዘረጋች። ነገ ካሸነፍኩ ብላ አሰበች። ካሸነፍኩ ጠረጴዛው የኔ ነው፣ ጎማው የኔ ነው፣ መስኮቱም የኔ ነው። ከዚያ ጠዋት ሽርጤን ሳስር «ስማኝማ፣ ትናንት ምን ሆነ መሰለህ» የምለው ለማን ነው? ለዓሣ? እህቷ ቤት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ምግብ ሲቀርብላት አልበላላትም አለ፤ ቀጭኗ ምግብ እምቢ ስትል እህትየው አይታ አታውቅምና ግንባሯን ዳበሰቻት።

«አላተኮሰሽም። ምን ሆነሽ ነው?»

«ነገ እንዳናሸንፍ ፈርቼ።»

«እና ታሸንፋላችሁ፣ አይዞሽ።»

«አይ፣ እህት ዓለም። ስንሸነፍ ነው የሚሻለኝ።»

እህትየው ነገሩ አልገባትም። እውነቱን ለመናገር ለቀጭኗም ገና በደንብ አልገባትም ነበር። ከዚያ ሰውዬ ጋር የቆመችበት ከባሏ ጋር ከኖረችበት ዘመን ይበልጣል። ይህን እስከዚያ ቀን ቁጭ ብላ አስባው አታውቅም።

በማግስቱ የመጨረሻው አሳማ አንጀት መጣ። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፎ ይንፏቀቃል። ቀጭኗ ሲባጎውን ይዛ ቆመች። ወፍራሙ መቀሱን በድንጋይ ላይ እየሳለ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቷት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተቀዶ በራሱ እጅ ጠቅሞታል፤ ስፌቱ ወልጋዳ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ስፌት ሳላየው ኖሬ፣ አለች በሆዷ፣ መርፌ አንስቼ ደህና አድርጌ ብሰፋለት ምን ነበር? እያሰበች ቆመች። ከላይ መስኮቱ ውስጥ አንድ ደመና ሄደ። ሌላ ደመና መጣ። አንጀቱ ቀዘቀዘ።

«ኧረ ሴትዮ፣ እሰሪው እንጂ» አለ ወፍራሙ ሳይዞር።

ደንግጣ አሰረች፣ ቆረጠች፣ የእሱን ድርሻ አንሸራታ ሰጠችው። የራሷን መቅደድ ጀመረች። አንድ ክንድ ቀደደች፣ ባዶ። ሌላ ክንድ ቀደደች፣ አንድ ወስፋት፣ እሱም ኮሳሳ። እስከ መጨረሻው ስትደርስ ወንፊቷ ላይ ያለው ለወሬ እንኳ የማይበቃ ነበር። ተሸነፍኩ ብላ አሰበችና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እሱ ይቀራል። እኔ ጆንያ እሸከማለሁ፣ ምን እሆናለሁ፣ ደረቴ ሰፊ ነው።

ቀና ስትል ወፍራሙ መቀሱን አስቀምጦ ወንፊቱን ዝም ብሎ እያየ ነው። ወንፊቱ ላይ የእሱ ጅራፍ ትሎች አሉ፤ መሀላቸው ላይ ግን ነጣ ነጣ ያሉ፣ እርሳስ እርሳስ የሚያክሉ፣ ጡት የጠገቡ ወስፋቶች ተጋድመዋል። እሷ ደመና ስታይ ሰፈር ለውጠው ነበር።

ሁለቱም ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። የፍሳሹ ጉድጓድ እግሩ ሥር ነው። አንዴ ጎማውን ቢከፍት ወስፋቶቹ ውሃ ይበላቸዋል፣ ጠረጴዛው የሱ ይሆናል፣ ከሷ በቀር ያየ ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ ዓይኗን ጨፍናለታለች። ጨፈነች ስል በእውነት ነው፣ ሁለት ዓይኗን ጨፍና የውሃውን ድምፅ ጠበቀች።

የሰማችው የቦት ጫማ ድምፅ ነው። ስትገልጥ ወፍራሙ አጠገቧ ቆሟል። ጎድጓዳ ሳህን ይዟል፣ ሳህኑ ውስጥ ወስፋቶቿ አሉ። አንድም ሳይቀር የእሷ ጠርሙስ ውስጥ ከተታቸው።

«ልጆችሽ መንገድ ጠፍቷቸው እኔ ጋ መጥተው ነበር» አለ።

ቀጭኗ በጣም ተናደደች። በሕይወቷ እንደዚያ ተናዳ አታውቅም።

«ማን አምጣ አለህ? ጉድጓዱ እግርህ ሥር አይደለም? አንተ ሰውዬ ምን ነካህ?»

«ልጆችሽን እንዴት ብዬ ጉድጓድ ውስጥ ልጨምር? አንጀቴ አልቻለም።»

«አሁን አንተ ነህ የምትሄደው፣ ይገባሃል?»

«ይገባኛል። እኔ ዝም ማለት እችልበታለሁ። አንቺ መጋዘን ገብተሽ ከማን ጋር ልታወሪ ነው? ከጆንያ ጋር? ሳምንት አትቆዪም።» ይህን ያህል ቃል ባንድ ትንፋሽ ሲናገር ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

«እኔስ እዚህ ከማን ጋር ላወራ ነው?» አለች ቀጭኗ። «ይሄ ሁሉ ዓመት የማወራው ለግድግዳው መስሎህ ነው? ላንተ ነው የማወራው፣ አንተ ደንቆሮ።»

ወፍራሙ አፉን ከፈተ። እህ እንኳ አልወጣውም። በዚህ መሀል ዶክተሯ ጠመኔዋን ይዛ ገባች፣ ሁለቱንም አየቻቸው፣ ሳህኑን አየችው፣ ምን ሆናችሁ አለች። ቀጭኗ ሲባጎውን ሳላስር ዘገየሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ትሎቹ እሱ ጋ ነበሩ አለች። ዶክተሯ ወስፋት የትም ቢገኝ ወስፋት ነው ብላ ቆጠረቻቸው፣ መዘነች፣ አነጻጸረች። ምልክቱን ወስፋቱ ሥር አደረገች። ወፍራሙ ሽርጡን ፈቶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ መቆንጠጫውን አጥቦ አደረቀ፣ ለቀጭኗ ራሱን ነቀነቀላትና ሄደ።

የዓሣዎቹ ሰዎች ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ አልዋሽም። ጠዋት ይገባሉ፣ ሰላም ይላሉ፣ ጆሯቸው ላይ ሙዚቃቸውን ሰክተው እስከ ማታ ዓሣቸውን ይበልታሉ። ቀጭኗ መጀመሪያ ቀን ስለ ጎረቤቷ ጣራ ልታወራቸው ሞከረች። አንደኛው ከጆሮው ነቅሎ «አቤት እናቴ?» አለ። ከጣራው ታሪክ ይልቅ ይህ «እናቴ» የሚለው ቃል እንዴት እንዳደከማት ልነግራችሁ አልችልም። «ምንም የለም፣ ሥራህን ሥራ» አለችው። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ውሃ ብቻ ሆነ። ዶክተሯ ሰሌዳው ላይ ስለ ወስፋቱ ስትጽፍ፣ ቀጭኗ ባዶውን የወፍራሙን አምድ ነበር የምታየው። ማሸነፍ እንዲህ ከሆነ ጠላቴም አያሸንፍ አለች በሆዷ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዋን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ከተተችው። ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ቦት ጫማዋን እንደተጫማች ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። የዚያን ቀን እንኳን አጠገቧ ያለው ወንበር፣ የፊቱም የኋላውም ባዶ ሄደ። ሹፌሩ መስኮቱን ከፈተ። ቀጭኗ ግን ማንንም አላየችም፤ የምትለውን እያሰበች ነበር። እንደሷ ላለች ሴት የሚባል ነገር ማጣት እንግዳ ነገር ነው።

የመጋዘኑ አጥር ረጅም ነው። አጥሩን ጨርሳ ወደ በሩ ስትዞር፣ ወፍራሙ ጆንያውን ጥሎ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ፉርሽካ ለብሶ ነጥቷል፤ ልብሱ እህል እህል ይሸታል። ይህን ስታሸት ገባት። ሰውዬው ነጽቷል። ከእንግዲህ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ሰው ይቀመጣል፣ የፈለገው ቤት ቢገባ ማንም በር አጠገብ አያስቀምጠውም፣ ቢያገባም ማንም ምረጥ አይለውም። እሷ ደግሞ ከነሽርጧ። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«አልጠራሁህም። እንዴት ዞርክ?» አለች።

«ከአጥሩ ጀምሮ አወቅሁሽ።»

«ሸተትኩህ?»

ወፍራሙ ከቅንድቡ ላይ ፉርሽካውን ጠረገ።

«ናፈቅሽኝ» አለ።

ቀጭኗ ዝም አለች። አዎ፣ ዝም አለች፤ መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምስክር ናቸው። ዝም ብላ ቆማ ዓይኗን በሽርጧ ልትጠርግ ስትል ሽርጡ ምን እንደነካ ትዝ አላትና በክንዷ ጠረገችው።

«ሁለት ክፍል ቤት አለኝ» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ጠበብ ይላል፣ አንዱ ሰፋ ይላል።»

«ሰፊው የኔ ነው?»

«ሞኝህን ፈልግ። ሰፊው የኔ ነው። አንተ ጠባቡም ይበዛብሃል።»

«እህ» አለ ወፍራሙ፤ የመስማማት እህ ነበር።

አሁን አብረው ናቸው። እህትየው መጀመሪያ አንዱ ይበቃኝ ነበር ብላ አጉረመረመች፣ ኋላ ግን ቧንቧው አጠገብ ሁለተኛ የልብስ ገመድ ራሷ አሰረችላቸው። ማታ ማታ እሱ ፉርሽካውን፣ እሷ አንጀቱን እየታጠቡ ስለ መጨረሻው አሳማ ይከራከራሉ። እሷ ሲባጎውን ሳላስር ባልዘገይ ኖሮም አሸንፍህ ነበር ትላለች፤ እሱ የኔ ጅራፎች የዚያን ቀን እንግዳ መጥቶባቸው ነው የተረበሹት ይላል። ሸሚዙም ተሰፍቷል። ስፌቱ አሁንም ወልጋዳ ነው፤ ቀጭኗ ለካ መርፌ አትችልበትም።

ከሥራ ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ድሮው ቦርሳዋን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ትዘረጋለች። ወንበሩ እስከ መጋዘኑ ፌርማታ ድረስ ባዶውን ይሄዳል፣ የሚጠጋውም የለም። እሷ ግን ቆሞ የሚሄድ ሰው ባየች ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ይቅርታ፣ ተይዟል» ትላለች።